አርባ ሁለተኛው ደንብ

ጥር 12

ዛሬ ጠዋት የገባ፦ ስድስት መኪና ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት መኪና ድንች፣ አንድ መኪና ቲማቲም። የተራገፈ፦ ሰባት። በር ላይ የቀረ፦ ሁለት። የበሰበሰ፦ አሥራ አንድ ጆንያ። ሁሉም ከአንድ መኪና ነው፤ ሾፌሩ ሸራውን መንገድ ላይ አንዴም ሳይገልጥ ነው የመጣው።

ከቆጣሪው ደብዳቤ ደረሰኝ። አባቱና እኔ የእህትማማች ልጆች ነን። ውጭ አገር ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከመሄዱ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ የአትክልት ማራገፊያ ግቢዬ ውስጥ ሚዛን ከምንለው ተራ አስከባሪያችን ጋር ቆሞ መኪና ይቆጥር ስለነበር ስሙ ቆጣሪው ሆኖ ቀረ። ደብዳቤውን እዚህ ደብተር ላይ አጣብቄዋለሁ። የምመልሰውንም ገልብጬ አስቀራለሁ። በቃል የተባለ ነገር ምስክር የለውም።

*

ታኅሣሥ 26

ለእትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ግቢውስ? ሚዛን አሁንም ያችን ባለሦስት እግር ወንበሩን በሩ ሥር ዘርግቶ ሾፌር ይሳደባል? እኛ ደህና ነን። ልጅቷ የፊት ጥርሷን ነቅላ በኩራት ለሁሉ ታሳያለች። ዕድሜዎን ያርዝምልን።

ሥራህ ምንድን ነው እያሉ ሁልጊዜ ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም "ኮምፒውተር" ብዬ አልፍ ነበር። ዛሬ በደንብ ልንገርዎ፤ ምክር ስለምፈልግ ነው።

የምሠራበት ቦታ አንድ ትልቅ አዳራሽ ነው። አራት ሺህ ኮምፒውተር በመደርደሪያ ተደርድሮ ሌት ተቀን ያጉረመርማል። ሳይንቲስቶች ከየቦታው ሥራ ይልኩልናል። አንዱ የመድኃኒት ቅንጣት ያስላል፣ አንዱ ከዋክብት፣ አንዱ ነፋስ። እያንዳንዱ "ይህን ያህል ማሽን ለዚህን ያህል ሰዓት ስጡኝ" ይላል። ለሁሉም ባንዴ አይበቃም። ስለዚህ ተራ አለ፤ ተራውን የማስይዘው እኔ ነኝ። ከእርስዎ ግቢ ወጥቼ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ ተምሬ ተመራምሬ፣ ዞሮ ዞሮ ተራ አስከባሪ ሆኜልዎታለሁ።

እስካሁን በእጄ ነበር የምሠራው። ማን ይቅደም፣ ማን ይጠብቅ፣ የትኛው ፕሮፌሰር ከሚያስፈልገው እጥፍ ሰዓት እንደሚጠይቅ፣ ሁሉም ያለው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። አሁን ግን አለቃዬ ተራው ከእንግዲህ በፕሮግራም ይያዝ ብላለች። በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ክፉ ሴት አይደለችም። ፕሮግራሙን የሚጽፈው አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ነው። በር ሲገባ ጎንበስ ስለሚል ረጅሙ እንለዋለን። ጥሩ ሰው ነው፤ በዝናብ ቀን በመኪናው ቤቴ ድረስ ያደርሰኛል። ትናንት አለቃዬ ጠራችኝና "የምትሠራበትን ደንብ ሁሉ አንድ በአንድ ጻፍለት" አለችኝ።

"ከጻፍኩለት በኋላ እኔ ምን እሠራለሁ?" አልኳት።

"እሱን ያኔ እናያለን" አለች።

ውሌ የሚያልቀው ሰኔ 30 ነው። የሦስታችንም የመኖሪያ ፈቃድ የተንጠለጠለው በእኔ ውል ላይ ነው። ባለቤቴ "ጻፍለትና ተገላገል" ትላለች። እርስዎስ ምን ይላሉ?

ቆጣሪው

*

"እሱን ያኔ እናያለን" የሚል አለቃ ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ብዬ አውቃለሁ።

*

ጥር 13

ለልጄ ለቆጣሪው፣

የምትረግጠው መሬት ይጽናልህ። ባለቤትህንና ጥርስ አልባዋን ልጅህን ፈጣሪ በጥላው ያኑርልህ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል እንጂ ደህና ነው። ሚዛንም አለ። ዓይኑ ደክሟል፤ ምላሱ ግን እንደተሳለ ነው።

የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። የፕሮፌሰሮችህ ነገር ገብቶኛል። እዚህም "ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል" ብሎ ገብቶ ግማሽ ቀን የሚገተር ሾፌር ሞልቷል። እናንተ ጋ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ይጠይቃሉ፣ እኛ ጋ ከሚያስፈልጋቸው በታች ይናገራሉ። ውሸቱ አንድ ነው።

ምክሬ ይኸውልህ። ጻፍ። እምቢ ያለ ሰው ቀድሞ ይባረራል። ግን ሁሉንም አትጻፍ። እኔ ሠላሳ ዓመት ስነግድ፣ ደህናው ሽንኩርት የሚገኘው ከማን ማሳ እንደሆነ ለአንድም ሰው ተንፍሼ አላውቅም። ያን ብናገር ኖሮ ዛሬ ግቢው የሌላ ሰው ነበር። አንዷን ቁልፍ ኪስህ ውስጥ አስቀራት። ፕሮግራሙ አንድ ቀን በር ላይ ይቆማል። ያኔ ይጠሩሃል። ለምነው የጠሩትን ሰው ደግሞ "እሱን ያኔ እናያለን" አይሉትም።

ይህን አንብበህ ቅደደው። እኔ ግልባጩን አስቀርቻለሁ፤ ልማዴ ነው።

እትዬህ

*

የካቲት 27

የገባ፦ ስምንት። የተራገፈ፦ ስምንት። የበሰበሰ፦ ሁለት ጆንያ። ሚዛን ዛሬ አንድ ሾፌር "ዓይንህ አያይም፣ ተራዬን ዘለልከኝ" ቢለው፣ "አንተን ለማየት ዓይን አያስፈልግም፣ ጡሩንባህ ከሩቅ ይሰማል" አለው። ግቢው ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ግን ዓይኑ አያይም። ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ከቆጣሪው መልስ መጣ።

*

የካቲት 11

ለእትዬ፣

ምክር የማይደርቅበትን አንደበትዎን ፈጣሪ ይጠብቅልን። እንዳሉኝ አደረግሁ።

ረጅሙ የጻፈው ፕሮግራም፣ እውነት ለመናገር፣ የሚገርም ነው። አንድ ትልቅ ሥራ ስምንት መቶ ማሽን እስኪለቀቅለት ቆሞ ሲጠብቅ፣ ፕሮግራሙ በመሃል ያለውን ክፍተት ያይና ቶሎ የሚያልቁ ትንንሽ ሥራዎችን ሽጉጥ ያደርግበታል። ተሳቢው ቦታ እስኪያገኝ ፒክአፖቹን አስገብቶ እንደማስወጣት ነው። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር፤ እሱ ግን ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይጨርሰዋል። ባዶ ማሽን ማየት አይወድም።

አርባ አንድ ደንብ ጻፍኩለት። ያለኝ አርባ ሁለት ነው። ረጅሙ ደብተሩን ተቀብሎ አገላበጠና "ይኸው ነው? ሌላ አለ?" አለኝ። ዓይኔን ስልኬ ላይ ተክዬ "የለም፣ ይኸው ነው" አልኩት። የትኛውን እንዳስቀረሁ በወረቀት አላሰፍርም። ዝናቡ እስኪመጣ መጉደሉ አይታወቅም።

እኔን ወደ ቅሬታ መቀበያ አዛውረውኛል። ክፍሉ መስኮት የለውም። ማሽኖቹን የምነካበትን ፈቃድ ወስደውብኛል። ስልክ ይጮሃል፤ አንዱ "ሥራዬ ለምን አልጀመረም?" ይላል፤ እኔ "ተራዎን ይጠብቁ" እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ባለቤቴ በእንቅልፍህም ትለዋለህ ትለኛለች።

ቆጣሪው

*

የካቲት 28

ለልጄ፣

ትዕግሥት ይስጥህ፤ ለልጅህም አዲስ ጥርስ ያብቅልላት። ጎበዝ። አሁን ዝም ብለህ መቀመጥ ነው ሥራህ። ማንም ላይ አታጉረምርም፤ ከረጅሙም ጋር አትራቅ። ድንገት የራቀ ሰው ያስጠረጥራል።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ዝናቡ እስኪመጣ ያልከው ምንድን ነው? ዝናብና ኮምፒውተር ምን አገናኛቸው? መልስልኝ።

እትዬህ

*

መጋቢት 30

የገባ፦ አምስት። የተራገፈ፦ አምስት። የበሰበሰ፦ የለም። ከቆጣሪው ደብዳቤ የለም። ወር ሞልቷል።

ሚያዝያ 22

የገባ፦ ሰባት። የተራገፈ፦ ሰባት። ዛሬ ስልክ ደወልኩለት። "እትዬ፣ ሰው አለ፤ እጽፋለሁ" ብሎ ዘጋው። አፉን በእጁ ከልሎ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነው። ስለ ጉልበቴ አልጠየቀኝም። ይህ ልጅ ስለ ጉልበቴ ሳይጠይቅ ስልክ ዘግቶ አያውቅም።

ግንቦት 6

የገባ፦ ዘጠኝ። የተራገፈ፦ ዘጠኝ። ሚዛን ዓይኑን ሊታከም ሆስፒታል ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ተራውን ራሴ እያስያዝኩ ነው፤ ከእሱ በአንድ መኪና በለጥኩት። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሩ አጠገብ ያለው አንደኛው ማራገፊያ ጠዋት ጠዋት ባዶ ሆኖ ሳየው ሚዛን እንቅልፍ ጥሎት ነው እል ነበር። ትናንት ሞላሁት፣ ዛሬም ሞላሁት። የሚያስከፋ ነገር አልታየም።

ግንቦት 8

የገባ፦ ስምንት። የተራገፈ፦ ስምንት። የበሰበሰ፦ ከመቶ አርባ ሣጥን ቲማቲም ዘጠና ሦስት።

መኪናው የደረሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሩቅ መንገድ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ነው የመጣው። አንደኛው ቦታ ላይ የሽንኩርት መኪና ግማሹን አራግፎ ቆሟል፤ ወደኋላም ወደፊትም አይልም። ሌሎቹም ሞልተዋል። ፀሐይ ወጣች።

"እማማ፣ የጫንኩት ቲማቲም ነው፣ ድንጋይ አይደለም!" አለ ሾፌሩ።

"ተራህን ጠብቅ" አልኩት።

"ተራዬ ሲደርስ ሾርባ ነው የምታራግፉት! ሽማግሌው የታለ? እሱ ቢኖር እኔ እስካሁን አራግፌ ተኝቼ ነበር።"

አምስት ሰዓት ላይ ሲገባ ከሥር ያሉት ሣጥኖች ይንጠባጠቡ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። ሚዛን አንድ ዓይኑ በፋሻ ታሽጓል።

"ቲማቲሙን ገደሉት አይደል?" አለኝ፣ ገና ወንበር ሳልስብ።

"ማን ነገረህ?"

"ልብስዎ ይናገራል።"

"አንደኛው ቦታ ባዶ የሚሆነው ለምን ነበር?"

"ከሩቅ ለሚመጣው፣ ለሚበላሸው ነዋ! መቼ እንደሚደርስ እሱም አያውቅም። ከደረሰ ግን ቆሞ አይጠብቅም። እስከ አንድ ሰዓት ተኩል አቆይለታለሁ፤ ካልመጣ ለሽንኩርቱ እለቀዋለሁ።"

"ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ! ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቁኝማ።"

"ሚዛን።"

ያልታሸገውን ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። "እሺ። ቢጠይቁኝም አልነግርዎትም ነበር። የማውቀውን ሁሉ ደብተር ላይ ካሰፈርኩልዎት፣ ደብተሩን ይዞ ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ሰው አያጡም።"

"አስወጣሃለሁ ብዬህ አውቃለሁ?"

"አላስወጣህም ብለውኝስ ያውቃሉ?"

ያመጣሁለትን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ግንቦት 9

የገባ፦ ስድስት። የተራገፈ፦ ስድስት። አንደኛውን ቦታ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባዶ አቆየሁት። የመጣ የለም፤ ለሽንኩርት ለቀቅሁት። ከዚያ ፖስታ ቤት ሄድኩ። የቆጣሪው ደብዳቤ ነበር።

*

ሚያዝያ 24

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። በስልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምክርዎ ሠራ።

ያስቀረሁት አርባ ሁለተኛው ደንብ ከሚዛን የተማርኩት ነው። እሱ አንደኛውን ቦታ ለቲማቲም ባዶ እንደሚያቆየው፣ እኔም በየቀኑ ንጋት ላይ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ ሦስት መቶ ማሽን ባዶ አቆይ ነበር። ለጎርፍ ትንበያ ቢሮ ነው። የወንዞቹን ከፍታ ከየጣቢያው ለቅመው ሥራቸውን የሚልኩልን ንጋት ላይ ነው። አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ አንድ ቀን አንድ ሰዓት ላይ። ስሌቱ ወዲያው ካልጀመረ ማስጠንቀቂያው ከውሃው በኋላ ይደርሳል። ባዶ ማሽን በሪፖርት ብክነት ስለሚባል "ጥገና" እያልኩ እመዘግበው ነበር። አለቃዬ አታውቅም። ጎርፍ ቢሮ ያሉትም አያውቁም፤ ማሽኑ ፈጣን ይመስላቸዋል።

በደረቁ ወራት ሥራው ቢዘገይም የሚጎዳው ሰው አልነበረም። ዝናቡ ሲቃረብ መዘግየቱ ያሳስባቸውና እጠራለሁ ብዬ ነበር። ዝናቡ ግን በአንድ ወር ቀድሞ መጣ።

የዚያን ቀን የጎርፍ ሥራው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ። ፕሮግራሙ ሦስት መቶውን ማሽን ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ለከዋክብት ሰጥቶታል። ሥራው ለሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተሰልፎ ቆመ። የጎርፍ ባለሙያዋ ደወለች። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። "ሥራዬ ለምን አልጀመረም?" አለችኝ። እኔም፣ እትዬ፣ አፌ ለምዶ፣ ማን መሆኗን ሳልጠይቅ፣ "ተራዎን ይጠብቁ" አልኳት።

ከወንዙ በታች ያለው ሰፈር ማስጠንቀቂያው ሲደርሰው ውሃው ደጃፍ ላይ ነበር። የሞተ የለም። ጣሪያ ላይ ወጥተው ተረፉ። አንዲት ሴት ልጇን በመስኮት ስታሳልፍ ክንዷ ተሰብሯል።

በማግስቱ አለቃዬ ጠራችኝ። "ማሽኑ ያላወቀው ነገር አለ፤ ያለ አንተ አይሆንም" ብላ ወደ ቦታዬ መለሰችኝ። የሦስት ዓመት ውል ተዘጋጅቶልኛል፤ ሰኔ 5 እፈርማለሁ። አሁን በየንጋቱ ተነሥቼ ሦስት መቶውን በእጄ ባዶ አደርጋለሁ። ልክ እርስዎ እንዳሉት ሆነ።

ረጅሙ ግን ተከሷል። ደንቡን አሳስቶ ጽፏል ተብሎ ሰኔ 3 ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ያባርሩታል። ትናንት ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና "ደብተርህን እንደገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የቱ ጋ እንደሳትኩ አላገኘሁትም። ታሳየኛለህ?" አለኝ። እስኪ አየዋለሁ አልኩት።

አመሰግንዎታለሁ። እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል።

ቆጣሪው

*

ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አያነሳም። "ደብዳቤዬን ሳታነብ እንዳትፈርም" የሚል አጭር መልእክት በስልክ ላክሁ። ቀጥሎ ያለውን ጽፌ ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ አደረስኩ።

*

ግንቦት 9

ለልጄ ለቆጣሪው፣

ፈጣሪ ልብህን ያርጋልህ፣ እንቅልፍህንም ይመልስልህ። ዛሬ ስለ ጉልበቴ አልነግርህም።

ሚዛን ሆስፒታል በገባ በአራተኛው ቀን አንደኛውን ቦታ በሽንኩርት ሞልቼ ዘጠና ሦስት ሣጥን ቲማቲም አበላሽቻለሁ። ባዶ ቦታ ማየት አልወድም፤ እንደዚያ ፕሮግራምህ። ልዩነቱ፣ ከፕሮግራሙ የደበቅኸው አንተ ነህ፤ ከእኔ የደበቀው ሚዛን ነው። በእኔ የተበላሸው ቲማቲም ነው። በአንተ የተጎዳው ሰው ነው።

ምክሩን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። የሽንኩርት ምክር ነበር። ሽንኩርት በር ላይ ቢያድር ይደርቃል እንጂ አይሰምጥም። አንተ ኪስህ ውስጥ ያስቀረኸው ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ መከርኩህ። ስለ ዝናቡ ጠየቅሁህ፣ አልመለስክልኝም፤ እኔም ሁለተኛ አልጠየቅሁም። አታመስግነኝ።

አሁን የምልህን በጥሞና ስማ። አንተ በየንጋቱ እየተነሣህ በእጅህ ታደርገዋለህ። አንድ ቀን ትኩሳት ቢይዝህስ? ልጅህ ብትታመምስ? ሚዛን የጠፋው አራት ቀን ነው።

ከሰኔ 3 በፊት፣ ባይሆን በዚያው ቀን፣ ገብተህ "አርባ ሁለተኛ ደንብ አለ፤ እያወቅሁ ነው ያስቀረሁት" በል። "ረሳሁት" አትበል። ረሳሁት ካልክ ሌላም ረስቶ ይሆናል ብለው የቀሩትን አርባ አንዱን አያምኑም። ረጅሙ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል ብለኸኛል። በአንተ ጥፋት እንዲጎነብስ አታድርገው።

ውሉን ታጣለህ። ይህን አልሸሽግህም። ከግቢው ጀርባ ያለው ቤት ለሦስታችሁ ይበቃል። ጣሪያው ያፈሳል፤ አሠራዋለሁ።

እትዬህ

*

ግንቦት 12

የገባ፦ ሰባት። የተራገፈ፦ ሰባት። ሚዛን ተመለሰ። አንደኛውን ቦታ ባዶ አገኘው። ወንበሩን ዘርግቶ ተቀመጠ።

ግንቦት 27

የገባ፦ ስድስት። የተራገፈ፦ አምስት። ደብዳቤዬ እስካሁን ሊደርሰው ይገባል። ጣሪያ ሠሪው መጥቶ አየ፤ አሥራ አራት ቆርቆሮ ይፈልጋል።

ሰኔ 3

የገባ፦ ስምንት። የተራገፈ፦ ሰባት ወይም ስምንት። ተሳስቼ የቆጠርኩትን እንደገና ቆጠርኩ። ሚዛን "ምነው ዛሬ፣ እትዬ? ጆንያው እግር አወጣ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። ዛሬ ኮሚቴው ነው። ስልኩ ዝግ ነው።

ሰኔ 5

የገባ፦ ስድስት። የተራገፈ፦ ስድስት። ዛሬ የሚፈርምበት ቀን ነው። ዝናብ ጀመረን። ስልኩ አሁንም ዝግ ነው። ቆርቆሮው ተገዝቶ መጥቷል። ጣሪያ ሠሪው "የሚገባበት ሰው ታውቋል?" ቢለኝ "አንተ ምስማርህን ምታ" አልኩት።

ሰኔ 20

የገባ፦ ሰባት። የተራገፈ፦ ሰባት። የበሰበሰ፦ አራት ጆንያ። ደብዳቤ መጣ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት።

*

ሰኔ 6

ለእትዬ፣

ጤናዎን ያብዛልኝ፤ ጉልበትዎንም። ባለፈው ሳልጠይቅዎ ቀርቻለሁ።

ደብዳቤዎ ግንቦት 26 ደረሰኝ። አንድ ሳምንት በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ስልኬን የዘጋሁት ድምፅዎን ላለመስማት ነው። ተቆጥቼብዎት ነበር። ቁልፉን ኪስህ ክተት ያሉኝ እርስዎ፣ አሁን አውጣ የሚሉኝም እርስዎ! ሰኔ 2 ማታ ባለቤቴ ልብሴን ልታጥብ ኪሴን ስትፈትሽ አገኘችውና አነበበችው። አልጮኸችብኝም። "ክንዷ የተሰበረው ሴትዮ ልጇ ስንት ዓመቷ ነው?" አለችኝ። "አላውቅም" አልኳት።

በማግስቱ ሳልጠራ ኮሚቴው ክፍል ገባሁ። ረጅሙ ደብተሬን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። እርስዎ እንዳሉት አልኩ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም። አለቃዬ "ለምን?" አለችኝ።

"ከጻፍኩ በኋላ ምን እሠራለሁ ስልሽ፣ እሱን ያኔ እናያለን ስላልሽኝ" አልኳት።

ቀና ብላ አላየችኝም። ረጅሙ ኮምፒውተሩን እዚያው ከፍቶ "ከስንት ሰዓት እስከ ስንት? ስንት ማሽን? ቀድሞ ከመጣስ?" እያለ ጠየቀኝ፤ እኔም መለስኩ። ጽፎ ጨረሰ። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀበት። አራት ወር የደበቅሁት ነገር፣ እትዬ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ።

እሱን ነፃ አሉት። የእኔ ውል ቀርቷል። ሐምሌ 8 ሦስታችንም እንመጣለን። አለቃዬ ስንሰነባበት "'ያኔ እናያለን' ስላልኩህ፣ እኔም ለኮሚቴው የምጽፈው አለኝ" አለችኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ዛሬ ንጋት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አዳራሹ ሄጄ ነበር። የመግቢያ ወረቀቴን የሚቀበሉኝ ነገ ነው። እጄን ኪሴ ከትቼ ከመስታወቱ ጀርባ ቆምኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሦስት መቶዎቹ መብራት በየተራ ተለወጠ፤ ባዶ ሆኑ። የነካቸው ሰው የለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የጎርፍ ሥራው ገባ፤ በዚያው ደቂቃ ጀመረ። ዞር ስል ረጅሙ ከኋላዬ ቆሟል። ከኮሚቴው ቀን ጀምሮ አላናገረኝም ነበር።

"ዝናብ ነው፤ ላድርስህ" አለኝ።

ቤቴ በር ላይ ስወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ሌላ አለ?" አለኝ።

"የለም" አልኩት። ዓይኑን እያየሁ።

ቆጣሪው

*

ሰኔ 21

የገባ፦ ዘጠኝ። የተራገፈ፦ ዘጠኝ። የበሰበሰ፦ የለም። አንደኛው ቦታ እስከ አንድ ሰዓት ከሃያ ባዶ ነበር፤ ከዚያ የቲማቲም መኪና ደረሰና በቀጥታ ገባ። ሾፌሩ ያው የባለፈው ነው። "ዛሬ ሾርባ የለም፣ እማማ!" ብሎኝ አለፈ። የጀርባው ቤት ጣሪያ አልቋል፤ ሌሊት ዘንቦ ጠብ አላለም።

ለሚዛን "ቆጣሪው ከነቤተሰቡ ሊመጣ ነው" አልኩት።

ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ። "በእኔ ቦታ?" አለኝ።

"አይደለም" አልኩት።

"እሺ" አለ። አላመነኝም። ለማመን የሚያበቃው ነገር ሰጥቼው አላውቅም።

ነገ፦ ውል ጸሐፊው ጋ ሄጄ ለሚዛን የአምስት ዓመት ውል ማስጻፍ። መጀመሪያ እኔ መፈረም፣ ቀጥሎ እሱ። ከዚያ ሚዛን የሚያውቀውን የምጽፍበት አንድ አዲስ ደብተር ገዝቶ መምጣት።